ታሪፉ ጨመረ፣ ዳኛውስ? የኤሌክትሪክ ዘርፋችን ወደ ገበያ ሲሻገር

ሰፈራችን ውስጥ እንጀራ እየጋገሩ ለሱቅና ለምግብ ቤት የሚያስረክቡ አንዲት እናት አሉ። ከምጣዳቸው በላይ ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተጻፈ የቁጥር ሰልፍ አለ፣ በግራ በኩል ጋገራ ሳይጀምሩ ቆጣሪው ላይ የቀረው፣ በቀኝ በኩል ደግሞ የመጨረሻውን እንጀራ አውጥተው ምጣዱን ሲያጠፉ የቀረው። ልዩነቱን ይቀንሱና በእንጀራው ብዛት ያካፍሉታል፣ አንዷ እንጀራ ስንት መብራት እንደበላች ያውቃሉ ማለት ነው። ይሄን ሂሳብ የጀመሩት ከ2017 መስከረም ወዲህ ነው፣ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል ከተወሰነ በኋላ። ጤፍ ሲጨምር ገበያ ወጥተው ይሰማሉ፣ የእንጀራውንም ዋጋ ያስተካክላሉ፣ መብራት ሲጨምር ግን የሚያውቁት ካርድ ሲሞሉ የገባላቸው ኪሎዋት ሰዓት አንሶ ሲያገኙት ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ያ ግድግዳ ነው። ብዙ ጊዜ የኤሌክትሪክ ዘርፍ ሪፎርም ሲባል ወሬው ሁሉ ስለ ዓለም ባንክ፣ ስለ አይኤምኤፍ፣ ስለ ሚሊዮን ዶላር ብድርና ስለ ስምምነት ፊርማ ነው፣ እኛ ቤት ሲደርስ ግን ታሪፍ ጨመረ በሚል አንድ ቃል ያልቃል። በመሀል ያለው ነገር ምንድነው፣ እነዚህ ዓለም አቀፍ አጋሮች ምን እያገዙ ነው፣ የቱን ነው የዘለሉት፣ እሱን ነው እዚህ ላይ በደንብ ማየት የምፈልገው፣ ምክንያቱም ሽግግሩ አስፈላጊ ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ፣ ግን በተሳሳተ ቅደም ተከተል ከሄደ ዋጋውን የሚከፍሉት እኚህ እናት ናቸው።

ከመነሻው እንጀምር። የድሮው መብራት ኃይል ሁሉንም ነገር በአንድ ጣሪያ ስር የያዘ ድርጅት ነበር፣ ግድብ ይሠራል፣ መስመር ይዘረጋል፣ ቤትህ ድረስ ያመጣልሃል፣ ሂሳብም ይሰበስባል። ታኅሣሥ 2006 ላይ ለሁለት ተከፈለ፣ አንዱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሆኖ ማመንጫውንና ከፍተኛ ማስተላለፊያ መስመሩን ያዘ፣ ሌላው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሆኖ ስርጭቱን፣ ቆጣሪውንና ደንበኛውን ተረከበ። በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 810/2006 ዘርፉን የሚቆጣጠር የኢነርጂ ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ አሁን ከነዳጁ ጋር ተዋህዶ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የሚባለው ማለት ነው። ለስርጭቱ ድርጅት ደግሞ ፓወር ግሪድ የሚባለው የህንድ መንግሥት ኩባንያ በማኔጅመንት ኮንትራት መጥቶ ለተወሰኑ ዓመታት ሠርቷል። ከዚያ በ2010 የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ወጣ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ ገዢው ፓርቲ ከአየር መንገድና ከቴሌ ጋር የኤሌክትሪክ ማመንጫውም በከፊል ለግል ባለሀብት እንደሚከፈት አሳወቀ። ወረቀት ላይ ያለው መንገድ ይሄ ነው፣ ለይ፣ ተቆጣጣሪ አቋቁም፣ ዋጋውን አስተካክል፣ ከዚያ የግሉን ጥራ። ዓለም ባንክ ከሦስት አሥርት ዓመት በላይ ለብዙ አገር የመከረው መንገድ ነው።

ዋጋው ላይ የነበረው ችግር እውነተኛ ችግር ነበር፣ እሱን መካድ አይቻልም። እስከ 2011 ዓ.ም ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ታሪፉ ንቅንቅ አላለም። በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ የሚጠቀም ቤት ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው 0.273 ብር ነበር፣ ሃያ ሰባት ሳንቲም ገደማ ማለት ነው። በዚህ ዋጋ እየሸጠ ትራንስፎርመርና ገመድ በዶላር የሚገዛ ድርጅት የግድ ከባንክ እየተበደረ ነው የሚኖረው፣ የኛዎቹም እንደዛ ነው የሆኑት፣ ከንግድ ባንክ በቦንድ፣ ከቻይና ባንኮች በብድር። ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋዋት ያመነጫል፣ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራው የተከፈለው በቻይናው አይሲቢሲ ባንክ ብድር ነው። ከንግድ ባንክ የተወሰደው ትልቁ ዕዳ ተከማችቶ በመጨረሻ የመንግሥት ድርጅቶችን ዕዳ ወደሚሰበስብ አንድ ኮርፖሬሽን ተዛወረ፣ ማለትም ወደ ሁላችን። ስለዚህ ርካሽ ነበር የምንለው መብራት ርካሽ አልነበረም፣ ክፍያው ቆጣሪው ላይ ሳይሆን በሌላ በር ነው የመጣው፣ በዋጋ ንረቱና ንግድ ባንክ ለሌላ ሰው ማበደር ባልቻለው ገንዘብ በኩል። በዚያ ላይ የድሮው ድጎማ ይበልጥ የጠቀመው ብዙ የሚጠቀመውን ነው፣ መስመር ጭራሽ ያልደረሰው ገበሬ ከድጎማው ምንም አላገኘም። አሁንም ድረስ ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው መብራት የለውም።

ታዲያ ዋጋው ይስተካከል ሲባል ልክ ነው። ጥያቄው እንዴትና ምን ተቀድሞ የሚለው ላይ ነው።

እስቲ ወደ ምጣዱ እንመለስ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፣ 3.5 እንበለው። አንድ ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢጋግር በሳምንት 14 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በወር 56 እና ከዚያ በላይ። በአዲሱ ታሪፍ ከፍተኛ ድጎማ የሚደረግለት እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀመው ቤት ነው። ልብ በሉ፣ አምፖል ሳይበራ፣ ፍሪጅ ሳይሰካ፣ ስልክ ቻርጅ ሳይደረግ፣ ምጣዱ ብቻውን መስመሩን አለፈ! 50 የሚለው ቁጥር ለመብራት፣ ለቴሌቪዥንና ለስልክ ይበቃል ተብሎ በሌላ አገር ቢሠራ ይገባኛል፣ እንጀራ በሚጋገርበት አገር ግን መስመሩ ድሃውን ከሀብታሙ አይለይም፣ የሚለየው ቤቱ የሚጋግረውን ከሱቅ ከሚገዛው ነው። ሌላም አለ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ግቢ አምስትና ስድስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ይኖራል፣ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ነው የሚጠቀሙት ግን ቆጣሪው ድምሩን ስለሚያይ ግቢው በሙሉ ከፍ ወዳለው እርከን ይገባል። የግል ቆጣሪ ያለው ባለ ሁለት ሰው ቤተሰብ በርካሹ እርከን ሲቆይ የስድስት ተከራይ ግቢ በውድ ይከፍላል። የተጋራ ቆጣሪ መለየት፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ቤት የራሱን መስጠት፣ ከታሪፍ ጭማሪው በፊት ወይም ቢያንስ አብሮ መሄድ የነበረበት ሥራ ነው።

ይሄ የቆጣሪ ነገር ትንሽ ጉዳይ ይመስላል እንጂ የሌላ አገር ታሪክ የሚያሳየን በትክክል ይሄንኑ ነው። ከሁሉም የጆርጂያን ነው ደጋግሜ የማስበው፣ በካውካሰስ ያለችውን። ሶቪየት ኅብረት ሲፈርስ ጆርጂያ ውስጥ መብራት ማለት የሚከፈልበት ነገር ነው የሚለው ሐሳብ ራሱ አልነበረም፣ ድሮ ከሞላ ጎደል በነጻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዋና ከተማዋ ትብሊሲ በበረዶው ወራት በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ መብራት ታገኝ ነበር፣ ሰው ከጎረቤት፣ ከሆስፒታል፣ ከሜትሮ መስመር ገመድ እየጎተተ ይጠቀም ነበር። አጋሮቹ መጡ፣ ሕግ ተጻፈ፣ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1997 ተቋቋመ፣ በ1998 መጨረሻ ደግሞ ኤኢኤስ የሚባል ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ የዋና ከተማዋን አከፋፋይ ቴላሲን 75 ከመቶ በ25.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በጊዜው የአካባቢው ትልቁ የፕራይቬታይዜሽን ማሳያ ነበር የሚባለው።

ምን ተፈጠረ? ኩባንያው ቆጣሪ ገጠመ፣ ሂሳብ ላከ፣ ያልከፈለውን ቆረጠ። ችግሩ ከሱ ሽቦ ውጪ ያለው ዓለም አልተለወጠም ነበር፣ ኃይል የሚሸጥበት የጅምላ ገበያ በሙስና የተበላሸ፣ ትልልቅ የመንግሥት ድርጅቶችና ፋብሪካዎች የማይከፍሉ፣ ሲቆረጥባቸው ደግሞ ደውለው የሚያስቀጥሉ፣ ተቆጣጣሪውም ገና አቅም የሌለው። ጡረታው ጥቂት ዶላር የሆነ ሽማግሌ ይቆረጥበታል፣ ባለሥልጣን የሚያውቀው ፋብሪካ ይበራለታል። ኤኢኤስ ከፍተኛ ገንዘብ ካፈሰሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2003 ድርሻውን ለሩሲያው የመንግሥት ኩባንያ ሸጦ ወጣ። የአሜሪካ ማሳያ የነበረው ነገር ሞስኮ እጅ ገባ ማለት ነው፣ የተለመደው የፖለቲካ ወሬ እዚህ ላይ ያቆማል፣ ለኔ ግን ትምህርቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ የመንግሥት ለውጥ መጣ፣ አዲሱ መንግሥት ማንም ይሁን ማን ያልከፈለ ይቆረጥ የሚለውን በትልልቆቹ ጀመረ። ከትብሊሲ ውጪ ያለውን ስርጭት የያዘው የመንግሥት ድርጅት ደግሞ ወዲያው አልተሸጠም፣ በአሜሪካ የልማት ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) ገንዘብ በተቀጠረ ማኔጅመንት ለዓመታት ተስተካከለ። በየመንደሩ አንድ የጋራ ቆጣሪ ተተከለ፣ ሥርዓቱ ከባድ ነው፣ መንደሩ ካልከፈለ መንደሩ በሙሉ ይጨልማል፣ የከፈለውም አብሮ ይቀጣል፣ እኔ በበኩሌ ፍትሐዊ ነው አልልም። ግን አንድ ነገር አሳየ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ኃይሉ የት እንደሚጠፋ ታወቀ። ከዚያ ነው ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ለቼኩ ኢነርጎ ፕሮ የተሸጠው፣ አገሪቱም በዚያው ሰሞን ከጨለማ ወጥታ ለጎረቤት ኃይል ወደ መሸጥ የደረሰችው። ያው አንድ አገር ነው፣ ያው ሽቦ ነው፣ ያው አጋር ነው፣ የተለየው ቅደም ተከተሉ ነው፣ መጀመሪያ ልኬት፣ መጀመሪያ ለሁሉም እኩል የሚሠራ ሕግ፣ ከዚያ ሽያጭ።

በነገራችን ላይ በምሥራቅ አውሮፓ ብዙም ያልተወራለት ነገር ግን ጥሩ ውጤት ያመጣ አንድ የአጋርነት ዓይነት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎችን ከምሥራቅ አውሮፓ ኩባንያዎች ጋር አንድ ለአንድ የማጣመር ፕሮግራም ተካሂዷል። ለሪፖርት የመጣ አማካሪ ሳይሆን ሥራውን በየቀኑ የሚሠራ ሰው፣ ቢሊንግ ክፍል የሚሠራው ከቢሊንግ ክፍሉ ጋር፣ የኃይሉን ፍሰት የሚመራበት ዲስፓች ሴንተር የሚቀመጠው ከዲስፓቸሩ ጋር። አማካሪ ሰነድ ትቶ ይሄዳል፣ የሥራ ባልደረባ ግን አሠራር ነው ትቶ የሚሄደው። ፖላንድና ጎረቤቶቿ እ.ኤ.አ. በ1995 ከምዕራብ አውሮፓ ኔትወርክ ጋር ሲገናኙ፣ ባልቲኮቹ ሦስት አገሮች እ.ኤ.አ. የካቲት 2025 ላይ ከሩሲያ መስመር ተላቀው በማግስቱ ከአውሮፓው ጋር ሲጣመሩ፣ ዩክሬን በጦርነቱ መሀል እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 2022 ስትገናኝ፣ ከጀርባው ያለው የዓመታት የኢንጂነሮች የጋራ ሥራ ነው። የዩክሬኑማ የተለየ ነው፣ ከሩሲያ መስመር ተለይታ ብቻዋን ልትሞክር ያቀደችው ወረራው በጀመረበት ሌሊት ነበር፣ ሙከራው ሦስት ቀን ነበር የተባለው፣ ከዚያ ወደኋላ ሳትመለስ ቀረች።

ወደኛው እንመለስና ስለ ግሉ ኃይል አመንጪ እናውራ፣ እኛ ጋ ነገሩ ቋጠሮ የሆነው እዚህ ላይ ነውና። የግል ኩባንያ መጥቶ የንፋስ ወይም የጂኦተርማል (የከርሰ ምድር እንፋሎት) ጣቢያ ይሠራል፣ ኃይሉን ማመንጫውን ለያዘው ድርጅት፣ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ይሸጣል፣ ስምምነቱ ለ20 ወይም ለ25 ዓመት ነው፣ ዋጋው በዶላር ነው። ድርጅቱ ግን በኤሌክትሪክ አገልግሎት በኩል ለኛ የሚሸጠው በብር ነው። ስለዚህ ባለሀብቱ ሁለት ነገር ይጠይቃል፣ አንድ፣ ካልከፈላችሁኝ መንግሥት ይክፈለኝ፣ ሁለት፣ ብሩን ወደ ዶላር መቀየር ካልቻልኩ ብሔራዊ ባንክ ዋስ ይሁነኝ። መንግሥት ለዓመታት ሁለተኛውን ለመፈረም አቅማማ፣ የዶላር እጥረት ባለበት አገር ለአንድ የኃይል ጣቢያ ቅድሚያ እሰጣለሁ ብሎ ለ25 ዓመት መፈረም ለመድኃኒትና ለማዳበሪያ የሚውለውን ነው ከፊት የሚወስደው። ባለሀብቱም አልተሳሳተም፣ መንግሥትም አልተሳሳተም፣ ለዚህ ነው ቋጠሮ ያልኩት።

ውጤቱ ይታያል። ከሻሸመኔና ከሐዋሳ ብዙም የማይርቀው የኮርቤቲ ጂኦተርማል ወሬው ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው፣ የኃይል ግዢ ስምምነቱ በ2007 ተፈረመ፣ እንደገና ቱሉ ሞዬ ከሚባለው ሌላ የጂኦተርማል ፕሮጀክት ጋር አብሮ በ2010 ተፈረመ፣ ፓወር አፍሪካ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የኤሌክትሪክ ፕሮግራም ዋና ማሳያ ተብሎ ስሙ ያልተነሳበት መድረክ የለም። በ2012 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የሳዑዲው አክዋ ፓወር ሶማሌ ክልል ጋድ ላይና አፋር ዲቼቶ ላይ በድምሩ 250 ሜጋዋት የፀሐይ ኃይል በ2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ለኪሎዋት ሰዓት አሸነፈ፣ በአፍሪካ ከታዩት ሁሉ እጅግ ርካሽ ከሚባሉት ዋጋዎች አንዱ ነው፣ ግን አልተገነባም። ዝቅተኛ ዋጋ ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ ዋስትናውን ጨርሶ ወደ ባንክ ሄዶ ገንዘቡን ማምጣት ሌላ ነገር ነው። ከዚህ ሁሉ መሀል አንድ የተፈታ ነገር ቢኖር አለመግባባት ሲፈጠር የት እንዳኛለን የሚለው ነው፣ ኢትዮጵያ በ2012 የውጭ የግልግል ፍርዶችን የሚመለከተውን የኒውዮርክ ኮንቬንሽን አጸደቀች።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ ይሄ ቋጠሮ በአንድ በኩል ላላ፣ በሌላ በኩል ጠበቀ። ላላ የምለው ምንዛሪ በባንክ ማግኘት ከድሮው ቀለል ስላለ ባለሀብቱ ትንሽ ይተነፍሳል። ጠበቀ የምለው ደግሞ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን ስላለፈ ነው። በዶላር ዕዳ ያለበት ድርጅት በአንድ ወር ውስጥ የዕዳው ብር እጥፍ ሊሆን ተቃረበ፣ ቆጣሪው ላይ የሚሰበስበው ብር ግን ያው ነው። የታሪፍ ጭማሪው ከወር ተኩል በኋላ መምጣቱ አጋጣሚ አይደለም። ብሩ በተለቀቀበት በዚያው ቀን አይኤምኤፍ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አጸደቀ፣ ዓለም ባንክም በዚያው ሰሞን 1.5 ቢሊዮን ለቀቀ፣ የመንግሥት ድርጅቶች ወጪያቸውን በገቢያቸው ይሸፍኑ የሚለው የሪፎርሙ አንድ ምሰሶ ነው። እንግዲህ የምንዛሪው አደጋ የት ሄደ ብትሉ፣ ከመንግሥት ወደ ድርጅቱ፣ ከድርጅቱ ወደ ታሪፉ፣ ከታሪፉ እዚያ ግድግዳ ላይ። የእናትየው ገቢ በብር ነው፣ እንጀራ የሚገዛቸው ሰው ገቢም በብር ነው፣ ይሄንን አደጋ ወደ ማንም ማስተላለፍ አይችሉም።

የዶላሩን ጥያቄ በከፊል የሚመልስ አንድ ነገር ግን አለ፣ ለጎረቤት መሸጥ። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ሱስዋ ድረስ የሚሄደው 500 ኪሎቮልት መስመር ርዝመቱ ከ1,000 ኪሎሜትር ይበልጣል፣ እስከ 2,000 ሜጋዋት መሸከም ይችላል፣ ገንዘቡ ከአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ከዓለም ባንክ፣ ከፈረንሳይ የልማት ድርጅትና ከሁለቱ መንግሥታት ነው የመጣው። ስምምነቱ ለ25 ዓመት ነው፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋዋት፣ ከዚያ 400፣ በ6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ለኪሎዋት ሰዓት፣ ሽያጩ ኅዳር 2015 ላይ ጀመረ። ሂሳቡን ብታሰሉት ኬንያ 200ውን ሙሉ በወሰደች ሰዓት 13,000 ዶላር ይገባል፣ በየሰዓቱ። እኔ ስለ ዓለም አቀፍ አጋርነት ጥሩ ምሳሌ አምጣ ብባል ይሄን ነው የማመጣው፣ ምክንያቱም መስመሩ ብቻ ሳይሆን ውሉ፣ ልኬቱ፣ ክፍያው፣ ማን ሲያቋርጥ ምን እንደሚከፍል፣ ሁሉም አብሮ ተሠርቷል። ጅቡቲ ከ2003 ጀምሮ ትገዛለች፣ ሱዳንም ተገናኝታለች፣ የኬንያና የታንዛኒያ መስመር ከተገናኘ ወዲህ ደግሞ ገበያው ወደ ደቡብ ሊረዝም ይችላል። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት ከ1997 ጀምሮ አለ፣ አሁን የሚሠራበት ነገር አገሮች ለነገ የሚፈልጉትን ኃይል ዛሬ በጨረታ የሚገዙበት ገበያ ማቋቋም ነው።

ሌላው የዶላር ገዢ ቢትኮይን የሚያመርቱት ናቸው። ለሻጩ ድርጅት ሲታዩ ምቹ ደንበኛ ናቸው፣ ከሰብስቴሽኑ አጠገብ ኮንቴይነር ተክለው ኃይሉን በከፍተኛ ቮልቴጅ ይወስዳሉ፣ የሠፈር ምሰሶና ትራንስፎርመር አይጠይቁም፣ የሚከፍሉት በዶላር ነው። ድርጅቱ በቅርቡ አዲስ መቀበል እንዳቆመ አሳውቋል። ጥሩ ውሳኔ ነው ብዬ አስባለሁ፣ ገቢው እውነት ነው ግን ገበያ ለብቻው ከተተወ ኃይሉ የሚሄደው ሽቦ ወደማያስወጣውና ዶላር ወደሚከፍለው ነው፣ ሽቦ የሚያስወጣው ደግሞ የገበሬው መንደር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ኃይል የማመንጨቱ ነገር በአብዛኛው ተሠርቷል። ሕዳሴ መጋቢት 24 ቀን 2003 ተጀምሮ፣ የካቲት 2014 የመጀመሪያውን ኃይል ሰጥቶ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመረቀ፣ 5,150 ሜጋዋት፣ ያውም በውጭ ብድር ሳይሆን በቦንድና በራሳችን መዋጮ፣ የቤት ሠራተኛዋም ዘበኛውም አዋጥተውበታል፣ ዲያስፖራውም ከያለበት ቦንድ ገዝቶበታል። ዓለም ባንክ ለስርጭቱ በ2010 375 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2013 ደግሞ 500 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል፣ ቁም ነገር ነው። ዳኛው ግን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚታወሰው። ዳኛ የምለው ተቆጣጣሪውን ነው፣ ዋጋው ትክክል ነው ወይ፣ ወጪው ውስጥ የብክነት ዋጋ ተደምሮ እኛ ላይ ተጥሏል ወይ፣ 50 የሚለው መስመር ከምጣድ ጋር ይሄዳል ወይ፣ መብራት ሳይመጣ የከፈለ ሰው ምን ይካሳል ብሎ የሚጠይቀውን።

በአሜሪካ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱ ኮሚሽን አለው፣ ኩባንያው ዋጋ ልጨምር ካለ ሰነዱን ዘርግቶ በይፋ ይጠየቃል፣ ሸማቹም ይናገራል፣ ኮሚሽኑ ግማሹን ሊከለክለው ይችላል። የነዚህ ኮሚሽኖች ማኅበር፣ ናሩክ የሚባለው፣ በአሜሪካ የልማት ድርጅት ገንዘብ ከኛው የኢነርጂ ባለሥልጣን ጋር ለዓመታት ሠርቷል፣ ታሪፍ እንዴት ይገመገማል በሚለው ላይ። ከብድሩ ጋር ሲነጻጸር ገንዘቡ ኢምንት ነው፣ ግድብ ስለማይመረቅበት ሪባንም አይቆረጥበትም፣ ለኔ ግን ከሁሉም በላይ ውድ ዕርዳታ ነበር። ሰኔ 24 ቀን 2017 የአሜሪካ የልማት ድርጅት በይፋ ሥራውን ሲያቆም፣ ኦባማ በ2013 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ፓወር አፍሪካም አብሮ ሲያበቃ፣ ብዙ ሰው ያሰበው ስለ ምግብና ስለ መድኃኒት ነው፣ ልክም ነው፣ ይሄ ትንሹ ክር ግን ማንም ሳያየው ተበጠሰ። ብድር የሚሰጡት አሉ፣ የሚገነቡት አሉ፣ ዳኛውን የሚያሠለጥነው ነው የሄደው።

በጥር 2017 ዳሬሰላም ላይ ዓለም ባንክና የአፍሪካ ልማት ባንክ ሚሽን 300 ያሉትን ዕቅድ ይዘው ነበር፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ለ300 ሚሊዮን አፍሪካውያን መብራት ማዳረስ። ኢትዮጵያም በመስከረም 2018 የራሷን ስምምነት ካቀረቡት 17 አገሮች አንዷ ናት። እንዲህ ዓይነት ስምምነት ላይ ስንት ቤት ይገናኛል፣ ስንት ሜጋዋት ይጨመራል፣ የግሉ ዘርፍ ስንት ያመጣል የሚለው በቁጥር ይቀመጣል። እኔ እንዲጨመር የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። አንዱ፣ የታሪፍ ጭማሪ ጥያቄ ሲቀርብ ሰነዱ በአማርኛም በኦሮምኛም በሌላውም ቋንቋ ወጥቶ ሕዝብ በይፋ ይጠየቅ፣ ሸማቾች ማኅበርና ጋጋሪዎቹ ሳይቀሩ ይናገሩ። ሌላው የተጋሩ ቆጣሪዎች መቼ እንደሚለዩ በዓመት በዓመት ይቀመጥ፣ እስከዚያ ደግሞ የግቢው እርከን በቤተሰብ ቁጥር ይታሰብ። ከኬንያና ከጅቡቲ የሚመጣው ዶላር ደግሞ የቱ ለዕዳ፣ የቱ ለስርጭት እንደሚውል በግልጽ ይነገር፣ ምክንያቱም የምንዛሪውን አደጋ ከግድግዳው ላይ ሊያነሳ የሚችለው እሱ ብቻ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ ታሪፍ ላይ ሕዝብ ከተጠየቀ ማንም ጨምሩ አይልም፣ ሪፎርሙ ይቆማል ይሉኛል። እኔ አይመስለኝም። እኚያ እናት የሚያስረክቡት ሱቅ ጋ የእንጀራ ዋጋ ሲጨምሩ ጤፉ ይሄን ያህል ሆነ፣ መብራቱ ይሄን ያህል በላ ብለው ነው፣ ባለሱቁም ሂሳቡን አይቶ ይቀበላል፣ አንዳንዴ ደግሞ ይሄኛው በዝቷል ብሎ ያስቀንሳቸዋል። ባለፈው ስሄድ የግድግዳው ቁጥር ወደ በሩ መቃን ተሻግሯል፣ ከጎኑ ደግሞ አዲስ ረድፍ ጀምረዋል፣ መብራት የጠፋባቸው ሰዓት የሚጻፍበት።